በረሃን በሰዓቱ፦ ሦስት ቀን በአዋሽ ሰባት ኪሎ

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄዶ «ምንም አላየሁም» የሚል ሰው ስታገኙ ስንት ሰዓት እንደገባ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነስቷል፣ አዳማ ላይ ቁርሱን በልቷል፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ የፓርኩ በር ላይ ደርሷል። የእኔም የመጀመሪያ ጉዞ እንዲሁ ነበር። ሜዳው በሙቀት እየተንቀጠቀጠ፣ እኔ በመኪና መስኮት ግራር እየቆጠርኩ ዋልን። በማግስቱ አብሮን የነበረው ሽማግሌ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ቀስቅሶ ያንኑ መንገድ አስኬደን። ትናንት ባዶ የነበረው ሜዳ ላይ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቆመ ሳሎች በቡድን በቡድን ይግጡ ነበር። «እነሱማ ትናንትም እዚሁ ነበሩ ልጄ፣ እናንተ ናችሁ ያልነበራችሁት» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አዋሽ የምሄደው ሰዓት ቆጥሬ ነው። የሚከተለውም መመሪያ ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ሰዓት በሰዓት የተሠራ ነው። ቀን ካነሳችሁ እሑድን ቀንሱ፤ የቅዳሜን ንጋት ግን አትንኩ።

ከመነሳት በፊት

ወቅቱን ምረጡ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ሣሩ ደርቆ አጥሯል፣ ሌሊቱም ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቀኑ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ስለሚችል ሕፃንና አዛውንት ይዛችሁ አትሂዱ። ሐምሌና ነሐሴ የአዋሽን ፏፏቴ በሙላቱ ለማየት የሚስማሙ ናቸው፤ ነገር ግን በፓርኩ ሰሜን ወዳለው ፍል ውሃ የሚወስደው መንገድ ይጨቀያል፣ ጎማ ይበላል።

ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የፍል ውሃ መንገድ ክፍት ነው ወይ? ፋንታሌ ተራራ መውጣት ይፈቀዳል ወይ? አካባቢው ሰላም ነው ወይ? ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ በፋንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። አንዳንዱ ንዝረት በሬክተር መለኪያ ከ5 በላይ ነበር፣ አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቷል። ዶፈን አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት ወጣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። በዚያ ምድር የሚሰጣችሁ መልስ ከወር ወር ይለያያልና ባለፈው ዓመት የሄደ ወዳጃችሁ የነገራችሁን አትመኑ።

ውሃን በሒሳብ ያዙ። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር የመጠጥ ውሃ ብላችሁ ቁጠሩ። አራት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ይሆናል፤ ለመኪናው ራዲያተር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጨምሩ። «ከተማው ውስጥ እንገዛለን» ማለት ይቻላል፣ ይሸጣልም። ጎማ የሚፈነዳው ግን ከተማ ውስጥ አይደለም። የግራር እሾህ ቀጭን ጎማ ስለማይምር ሁለት ስኮርታ፣ የሚሠራ ክሪክና ጎማ መንፊያ መኪናው ላይ ይኑር። ለዋናው መንገድና ለፏፏቴው መካከለኛ መኪና ሊበቃ ይችላል፤ ለፍል ውሃ ግን ፎር ዊል የግድ ነው።

ልብስ ረጅም እጅጌና ሰፊ ሱሪ፣ ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን። ነጠላ ያዙ፤ በውሃ ነክራችሁ አንገታችሁ ላይ ብትጠመጥሙት ከማንኛውም ባርኔጣ የበለጠ ያቀዘቅዛል። በሶ፣ ቆሎ፣ ጨው፣ ሁለት ሦስት ፓኬት ኦ አር ኤስ። የሩቅ ማያ መነጽር ካላችሁ አትርሱት። ቦታው ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ አጎበር ያዙ፣ ስለ መከላከያ መድኃኒትም ከመሄዳችሁ አስቀድሞ ሐኪም አማክሩ።

ዓርብ፣ የመንገዱ ቀን

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። አዲስ አበባ ከፓርኩ አጠገብ ካለችው ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በዚያ ርቀት ከ2300 ሜትር ከፍታ ወደ 1000 ሜትር ትወርዳላችሁ። እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ፣ ከዚያ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ። ይህ የጅቡቲ መስመር ነው። ከባድ መኪኖች ቀንና ሌሊት ይመላለሱበታል፣ ግመልም ያቋርጠዋል። ግመል ለጥሩምባ አትደነግጥም፣ በጨለማም ዓይኗ የሚታያችሁ ከደረሳችሁባት በኋላ ነው። በሌሊት አትንዱ።

መተሐራ ከመግባታችሁ በፊት መንገዱ ጥቁር ድንጋይ መካከል ያልፋል። ይህ የቀለጠ ዓለት የረጋበት ሜዳ ነው። አጠገቡ በሰቃ ሐይቅ ተኝቷል። እዚህ አሥር ደቂቃ ቁሙ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ ሐይቅ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ይበልጣል። የከርሰ ምድር ውሃና ከመስኖ እርሻዎች የሚተርፈው ውሃ እየገባበት ሲያብጥ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። ውሃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ ሰውም እርሻም አይጠቀምበትም። በዙሪያው ደርቀው የቆሙትን ዛፎች ስታዩ፣ ውሃ በረሃ ውስጥ ሁልጊዜ በረከት እንዳልሆነ ይገባችኋል።

የፓርኩ በር በመተሐራና በአዋሽ መካከል፣ መንገዱ ዳር ነው። ዛሬ እለፉት። ቀትር ላይ መግባት የመግቢያ ክፍያን ለጥላ መክፈል ነው። ቀጥታ ወደ ከተማዋ ሂዱና አልጋ ያዙ፤ ምሳችሁንም የፍየል ጥብስ አድርጉት፣ የዚህ አገር ፍየል ግራር ቀጥፋ ያደገች ናት።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። የጅቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ይህች ጣቢያ የመንገደኛ ማረፊያ ሆነች። የድሮው ጣቢያና አጠገቡ ያለው የፈረንጅ ዘመን ቡፌ፣ በቡገንቪሊያ አበባ እንደተሸፈነ ዛሬም አለ። አሁን ባቡሩ በሌላ ሐዲድ ስለሚሄድ ጣቢያው ጸጥ ብሏል። ከቀትር በኋላ ያለውን ሙቀት እዚያ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣችሁ ብታሳልፉት ጊዜ አላባከናችሁም።

እዚያው ሳላችሁ ዳጉ ተቀበሉ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸውን አስከትለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ የት ዘነበ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ ማን ታመመ። ይህ የዜና ልውውጥ ዳጉ ይባላል፣ በሕይወታቸው ውስጥም የተከበረ ቦታ አለው። ለእናንተም ከማንኛውም ካርታ ይሻላችኋል። ሹፌሩን፣ ሻይ የምትሸጠዋን፣ ከፍል ውሃ የመጣውን ግመል ነጂ በትሕትና ጠይቁ። እናንተም ከመጣችሁበት መንገድ ያያችሁትን ንገሩ፤ ዳጉ መስጠትም መቀበልም ነው።

11 ሰዓት ሲሆን ወደ ገደሉ ውጡ። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ምድር ድንገት ያልቃል። የአዋሽ ወንዝ ዓለቱን ፈልፍሎ 150 ሜትር ያህል ወርዷል፤ ከታች ቀጭን ቡናማ ክር ይመስላል፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የገደሉ ግድግዳ ከቢጫ ወደ ቀይ ይዞራል፣ ጥንብ አንሳዎች ከእግራችሁ በታች ያንዣብባሉ። ወፍን ከላይ ቁልቁል ማየት ለእኔ እስካሁን ያልለመድኩት ደስታ ነው። ከጠርዙ ሦስት ሜትር ራቁ፣ ልጆችን በእጃችሁ ያዙ፤ የተሰነጠቀ ዓለት ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። መሬት ሲነቀነቅ ከተሰማችሁ ሳትሮጡ ወደ ኋላ ተመለሱና ሜዳው መካከል ቁጭ በሉ።

ቅዳሜ፣ የንጋቱ ቀን

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉ፣ ጊንጥ ጫማ ይወዳል። በሩ በሚከፈትበት ሰዓት በሩ ላይ ተገኙ፤ ክፍያውን ከፍላችሁ ስካውት ውሰዱ። «መንገዱን በስልክ አገኘዋለሁ» ብሎ ስካውትን መተው የዚህ ፓርክ ትልቁ ኪሳራ ነው። መንገዱን ብታገኙ እንኳ ከግራር ግንድ ጋር የተመሳሰለውን አምባራይሌ ማን ያሳያችኋል?

አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ፣ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ፓርክ ነው። አውራ ጎዳናው መካከሉን ይሰነጥቀዋል፦ በደቡብ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ፣ ፏፏቴውና ገደሉ፣ በሰሜን የፋንታሌ ተራራና ፍል ውሃው። የዛሬው ቀን ለደቡቡ ነው።

ኢላላ ሳላ ላይ ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር አይለፍ። በየኪሎ ሜትሩ ቁሙና ሞተር አጥፉ። መስኮት አውርዱ፣ አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። መጀመሪያ ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻ እንስሳው። ከመኪና አትውረዱ፤ እንስሳው መኪናን ይታገሣል፣ በሁለት እግሩ የሚሄድን ሰው ግን አይታገሥም።

ሳላዋን አስተውላችሁ እዩ። ሰውነቷ ግራጫ፣ ፊቷ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለቱ ቀንዶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከጎን ስትታይ አንድ ቀንድ ብቻ ያላት ትመስላለች። የቀትሩን ሙቀት እንዴት እንደምትችለው የሚገባችሁ ሰውነቷ እንዴት እንደሚሠራ ስታውቁ ነው። እኛ ሲሞቀን እናልባለን፣ ውሃ እናጣለን። ሳላ ውሃዋን ላለማባከን የሰውነቷ ሙቀት እንዲጨምር ትተወዋለች፣ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ መልሳ ታወርደዋለች። ወደ አንጎሏ የሚሄደው ደም በአፍንጫዋ በኩል በሚገባው አየር ይቀዘቅዛል። ከምትበላው ቅጠልና ሣር የምታገኘው እርጥበት ለብዙ ቀን ስለሚበቃትም ውሃ ፍለጋ ብዙ አትንከራተትም። ንጋት ላይ የምትግጠው ሌሊቱ ቅጠሉን ስላረጠበላት ነው። በረሃን በሰዓቱ የመኖርን ነገር ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከሳላ ሌላ የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮ፣ በቁጥቋጦ ሥር እንደ ጥንቸል የምትፈተለክ እንሹ፣ አንዳንዴም ሰጎን ታያላችሁ። የወፍ ወዳጅ ከሆናችሁ ቀኑ አይበቃችሁም፤ በፓርኩ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው አንድ ትዕይንት ነው። ቆሪ የምትባለው ግዙፍ የሜዳ ወፍ ሣሩ ውስጥ ስትራመድ፣ ቀይ ሐር የለበሰች የመሰለች ንብ በል ወፍ ጀርባዋ ላይ ተቀምጣ ትጓዛለች፤ ከቆሪዋ እግር ሥር የሚነሳውን ፌንጣ እየዘለለች ትቀልብና ተመልሳ ትቀመጣለች። ይህን ካያችሁ ስካውቱን አመስግኑት።

3 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ መክበድ ትጀምራለች። ወደ ፏፏቴው ውረዱ። ይህ ውሃ ከአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ቆቃ ግድብ ውሃውን ስለሚያዝዘው በበጋም አይነጥፍም። ክረምት ላይ ቀለሙ የደጋ አፈር ነው፣ ድምፁም ንግግር ያቋርጣል። ከወንዙ ዳር ራቁ፣ እግር ለመታጠብም አትጠጉ። አዞ አለ፣ በድፍርስ ውሃ ውስጥ ደግሞ አይታይም። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ያለውን ትንሽ ሙዚየም አሁን ብታዩት ጥሩ ጊዜ ነው።

ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ምንም አታድርጉ። ይህን የምለው እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ደንብ ነው። ወንዙ ዳር ካሉት ትላልቅ ዛፎች ሥር፣ ከውሃው ርቃችሁ ምንጣፍ ዘርጉ፣ ብሉ፣ ተኙ። ምግባችሁን ከጦጣ ደብቁ፣ እጃችሁ ላይ ካለው ሳይቀር ይነጥቃሉ። መመገብ ደግሞ ክልክል ነው፤ ከሰው እጅ የለመደ ጦጣ ነገ ልጅ ይነክሳል። ቀና ብላችሁ ዛፎቹን ከመረመራችሁ ጉሬዛ ልታገኙ ትችላላችሁ።

በዚህ ሰዓት እርስ በርስ ተያዩ። ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ጡንቻው የሚሸማቀቅ ሰው ሙቀት እየጎዳው ነው፤ ጥላ ሥር አስተኙት፣ ልብሱን አላሉ፣ ነጠላውን አርሳችሁ አልብሱት፣ ኦ አር ኤስ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ወይም ሰውነቱ እየጋለ ላቡ ከቆመ ግን አትጠብቁ። ውሃ እያፈሰሳችሁበትና እያራገባችሁለት ወደ ሕክምና ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

10 ሰዓት ላይ ወደ ገደሉ ጫፍ ተመለሱና ዝንጀሮዎቹን ጠብቁ። ፓርኩን በሳይንስ ዘንድ ያሳወቁት እነሱ ናቸው። ከፏፏቴው በላይ ወይራ ቀለም ያለው አኑቢስ ዝንጀሮ ይኖራል፣ ወደ በረሃው ዝቅ ሲሉ ወንዱ ብርማ ጎፈር ያለው ሐማድርያስ። በገደሉ አካባቢ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ይዋለዳሉም። ተመራማሪዎች ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው እዚህ የሚመላለሱት ለዚህ ነው። ዘይቤያቸው ይለያያል፦ አኑቢስ በትልቅ መንጋ ተቀላቅሎ ሲኖር፣ የሐማድርያስ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ለብቻው ይዞ ይጠብቃል፣ የራቀችውን አንገቷን ነክሶ ይመልሳል። የተዳቀለው ወንድ ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው። ጎፈሩን፣ የፊቱን ቀለም፣ ከሴቶቹ ጋር ያለውን ሁኔታ እያያችሁ የየትኛው ደም እንደሚበዛበት ለመገመት ሞክሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ለመተኛት ወደ ገደሉ ሲወርዱ የሚያሰሙት ጩኸት ገደል ለገደል ይመላለሳል።

ድንኳን ካላችሁና ፈቃድ ካገኛችሁ ሌሊቱን ፓርኩ ውስጥ ከስካውት ጋር እደሩ። ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ከመረጣችሁ ሰማዩ ሌላ ጉዞ ነው። ጅብ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ከሩቅ አንበሳ። የድንኳኑን ዚፕ ዝጉ፣ ሌሊት ብቻችሁን አትውጡ።

እሑድ፣ ፍል ውሃ ወይም ፋንታሌ

ሁለቱን በአንድ ቀን አታጣምሩ። ጉልበት ካላችሁና ከተፈቀደ ፋንታሌ። ከፍታው 2007 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ በገደል የተከበበ ሰፊ ጉድጓድ አለው፣ ከስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል። በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ከደቡብ ጎኑ የፈሰሰው ዓለት እስካሁን ሣር ያልበቀለበት ጥቁር ንጣፍ ነው። ጎህ ሳይቀድ ጀምሩ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ውረዱ። የፓርኩ ሰው «አይሆንም» ካለ አትከራከሩ።

እኔ ብትጠይቁኝ ግን ፍል ውሃን እመርጣለሁ። ከአውራ ጎዳናው ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በድንጋያማ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስትደርሱ ከግራጫው በረሃ መካከል የዘንባባ ደን ብቅ ይላል፣ ከሥሩ እንደ መስታወት የጠራ ሰማያዊ ውሃ። ውሃው ትኩስ ነው። ምንጩ ላይ አትግቡ፣ ያቃጥላል፤ ፈሰስ ብሎ የቀዘቀዘበትን ቦታ ስካውቱ ያሳያችኋል። ከአሥር ደቂቃ በላይ አትቆዩ። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም እግር ከመንከር አይለፉ። በጣም ቀዝቅዞ ሣር ወደ በዛበት ረግረግ አትሂዱ፣ ውሃው ለእናንተ የተስማማውን ያህል ለአዞም ይስማማዋል።

ያ ውሃ የመዝናኛ ገንዳ ብቻ አይደለም። የአካባቢው አርብቶ አደሮች፣ አፋሮችና ከረዩዎች፣ ከብትና ግመል ያጠጡበታል። ፓርኩ ሲከለል፣ የመተሐራ የሸንኮራ እርሻም ወንዙ ዳር ሲዘረጋ፣ ከረዩዎች በበጋ የሚሸሹበትን ግጦሽ አጥተዋል። ይህን ታሪክ ሳታውቁ ሄዳችሁ «ከብት በፓርክ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብላችሁ እረኛ አትቆጡ። ከብቱ እስኪጠጣ ጠብቁ። ሳሙና አትጠቀሙ። በዋና ልብስ አትንጎራደዱ፣ ሴቶችም ወንዶችም ሸፈን በሉ። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፤ እንቢ ካሉ ካሜራውን አውርዱ። የግመል ወተት ከቀረበላችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ ካልለመዳችሁት ግን ትንሽ ተጎንጭታችሁ አመስግናችሁ መልሱ፤ ሆድ ቶሎ አይቀበለውም።

4 ሰዓት ላይ ከፍል ውሃ ውጡ። አውራ ጎዳናው ላይ ስትደርሱ ሁሉንም ጎማ በእጃችሁ ዳስሱ፤ የግራር እሾህ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሁለት ሰዓት ታግሶ የሚያስተነፍስበት ጊዜ አለ። አንዱ ላይ ጥርጣሬ ካደረባችሁ እሾሁን ራሳችሁ አትንቀሉት፣ መተሐራ ወዳለው ጎሚስታ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። የተረፈውን ውሃ መንገድ ዳር ጀሪካን ይዘው ለሚቆሙት ልጆች ስጡና ከመሸ በኋላ ግመሎቹ መንገዱን ሳይዙት አዳማን እለፉ።